ዱቄቱ ከመታጠቡ አይቀድምም፦ በስብራት ቀዶ ሕክምና ላይ ስለሚነሰነስ አንቲባዮቲክ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ከወልድያ እስከ ከሚሴ ብዙ ሰው የተቀባበለው አንድ ጽሑፍ እኔ ዘንድ የደረሰው በሦስት በኩል ነው። መጀመሪያ የሥራ ባልደረባዬ፣ ቀጥሎም ኮምቦልቻ ላይ መድኃኒት ቤት ያለው ዘመዴ አሳየኝ፤ ሦስተኛዋ ግን ልጃቸው በሐረጎ ቁልቁለት ባጃጅ ተገልብጦበት ቅልጥሙ የተሰበረ እናት ነበሩ። ተረኛ ሆኜ ክፍሉን ስዞር ስልካቸውን ዘርግተው «ዶክተር ልጄ፣ ይኼ ዱቄት ለልጄ ተደርጎለታል ወይ?» ሲሉ ጠየቁኝ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን አልጋ ዳር ቆሞ በሁለት ቃል የሚነገር ስላልሆነ ይህን ለመጻፍ ተነሣሁ።

ጽሑፉ የሚለውን ሳላዛባ ላስቀምጥ። ጸሐፊው የሚነሡት ከእውነተኛ ሕመም ነው፤ ዘመዳቸው ተሰብሮ ብረት ከገባለት በኋላ ቁስሉ አመርቅዞ ለወራት እንደ ተሠቃየ ይናገራሉ። ከዚያ ተነሥተው እንዲህ ይላሉ፦ በቀዶ ሕክምናው መጨረሻ፣ ቁስሉ ከመሰፋቱ በፊት፣ አጥንቱና ብረቱ ላይ የሚነሰነስ የአንቲባዮቲክ ዱቄት፣ በተለይም ቫንኮማይሲን፣ ኢንፌክሽንን በግማሽ እንደሚቀንስ በጥናት ተረጋግጧል፤ ስለዚህ ለተሰበረ ሁሉ ሊደረግ ይገባል። ዱቄቱ መድኃኒቱን በቀጥታ ከሚፈለግበት ቦታ ስለሚያደርስ በደም ሥር የሚሰጠው መርፌ ትርፍ ነው። ወደ ደም ስለማይገባ ጉዳት የለውም፤ ጀርሞችንም መድኃኒት አያላምድም። እንደ ወሎ ርቀትና እጥረት በተደራረቡበት አገር ደግሞ ከሌላው ይልቅ ለእኛ ያስፈልገናል። በመጨረሻም ዋጋው ርካሽ ስለሆነ፣ ቫንኮማይሲን ቢታጣ እንኳ የሚዋጥ የአንቲባዮቲክ ካፕሱል ተፈልቅቆ ሊነሰነስ ስለሚችል፣ ይህን የማያደርግ ሐኪም ወይ አላዋቂ ወይ ግድ የለሽ ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልናገር፤ የዱቄቱ ጠላት አይደለሁም። በተወሰኑ ቀዶ ሕክምናዎች ላይ፣ በተገኘ ጊዜ፣ ራሴም እጠቀምበታለሁ። ክርክሬ ስለ ቦታውና ስለ ተራው ነው፦ ምን ከተደረገ በኋላ፣ ለማን፣ ከምን ጋር።

በጥናት ተረጋግጧል ከሚለው ልጀምር። ጸሐፊው የጥናቱን ስም ባይጠቅሱም፣ ከሰጡት አኃዝ እንደምረዳው የሚናገሩት በአሜሪካ በ36 የአደጋ ሕክምና ማዕከላት ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2021 ስለ ታተመው የቫንኮማይሲን ዱቄት ጥናት ነው። በጥናቱ የተሳተፉት 980 ሰዎች ሲሆኑ፣ ሁሉም የቅልጥም አጥንታቸው ከጉልበት አጠገብ ወይም ከቁርጭምጭሚት አጠገብ የተሰበረና ለኢንፌክሽን በጣም የተጋለጡ ነበሩ። በዕጣ ለሁለት ተከፍለው፣ ለአንደኛው ወገን ብረቱ በሚገባበት ቀዶ ሕክምና መጨረሻ 1,000 ሚሊ ግራም ዱቄት በቁስሉ ውስጥ ተነሰነሰላቸው፤ ለሌላው ወገን የተለመደው ሕክምና ብቻ ተደረገ። በ182 ቀናት ውስጥ ጥልቅ ኢንፌክሽን ዱቄቱ ከተደረገላቸው 6.4 በመቶ፣ ካልተደረገላቸው ደግሞ 9.8 በመቶ ላይ ታየ። ልዩነቱ በጎ ነው፤ ግማሽ ግን አይሆንም። ከመቶ ሰው ሦስት ያህል ሰው ማለት ነው፤ አንድን ሰው ከማመርቀዝ ለማዳን ወደ 30 ለሚጠጉ ሰዎች ዱቄቱን መነስነስ ያስፈልጋል እንደማለትም ነው። ስሌቱም የአጋጣሚን በር ሙሉ በሙሉ አልዘጋውም፤ የልዩነቱ ግምት ከ6.9 ነጥብ ቅናሽ ተነሥቶ ምንም ለውጥ የለም እስከሚባልበት ድረስ የተዘረጋ ነበር።

ታዲያ ግማሽ የሚለው ቃል ከየት መጣ? ከዚያው ጥናት ነው። ባክቴሪያዎች እንደ ሽፋናቸው ግራም ፖዘቲቭና ግራም ኔጋቲቭ ተብለው ለሁለት ይከፈላሉ፤ ተመራማሪዎቹ ግራም ፖዘቲቭ በሚባሉት ባክቴሪያዎች የመጡትን ኢንፌክሽኖች ለብቻ ሲቆጥሩ 3.3 በመቶ ከ6.7 በመቶ ጋር አገኙ፤ ይህ በእርግጥ ግማሽ ነው። ግራም ኔጋቲቭ ብቻ በሆኑት ላይ ግን ዱቄቱ ምንም አልፈየደም። የሚጠበቅም ነው፤ ቫንኮማይሲን ትልቅ ሞለኪውል በመሆኑ የግራም ኔጋቲቭ ባክቴሪያዎችን ውጫዊ ሽፋን አልፎ መግባት አይችልም። ስለዚህ ጸሐፊው ያነበቡት አኃዝ ሐሰት አይደለም፤ ከሙሉው ሥዕል አንዱን ማዕዘን ቆርጠው እንደ ሙሉው አቀረቡት እንጂ።

ይህ ቁራጭ በእኛ አገር የሚያመጣው ልዩነት ቀላል አይደለም። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ካመረቀዙ ቁስሎች ናሙና ተወስዶ ሲመረመር፣ ግራም ፖዘቲቭ ከሆነው ከስታፊሎኮከስ ጎን ለጎን ክሌብሲየላ፣ ኢ. ኮላይ፣ ፕሱዶሞናስና አሲኔቶባክተር በተደጋጋሚ ይገኛሉ፤ ብዙዎቹም በየዋርዱ የምንሰጠውን ሴፍትሪአክሶን የተባለ አንቲባዮቲክ የተላመዱ ናቸው። አራቱም ግራም ኔጋቲቭ ናቸው፤ ለአራቱም ቫንኮማይሲን እንደ ስንዴ ዱቄት ነው። በአሜሪካ ሆስፒታል ከመቶ ሦስት ሰው ያተረፈ መድኃኒት፣ የጀርሞቹ ድርሻ በተለየበት ሆስፒታል ያንኑ ያህል ያተርፋል ብሎ መጠበቅ የደጋን ዘር ቆላ ዘርቶ ያንኑ ምርት እንደ መጠበቅ ነው። በጥናቱ የተሳተፉት ሰዎችም የተመረጡ እንደ ነበሩ አንርሳ፤ ቆዳው ሳይቀደድ ክንዱ ለተሰበረ ጤነኛ ወጣት ከመጀመሪያውም የማመርቀዝ ዕድሉ ዝቅተኛ ስለሆነ፣ ለተሰበረ ሁሉ የሚለው ድምዳሜ ከጥናቱ አይወጣም።

ለጸሐፊው ፍትሐዊ ለመሆን አንድ ነገር ልጨምር። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ በቀዶ ሕክምና ቁስል ላይ የአንቲባዮቲክ ቅባት፣ ፈሳሽም ሆነ ዱቄት እንዳይደረግ ይመክራል። ይህን አንሥቼ ክርክሩን በቀላሉ መዝጋት እችል ነበር። ነገር ግን መመሪያው ከላይ ከጠቀስሁት ጥናት አራት ዓመት ስለሚቀድም፣ ለብቻው እንደ ማስረጃ ልደገፍበት አልፈልግም።

በደም ሥር የሚሰጠው መርፌ ትርፍ ነው የሚለው ግን ግልጽ ስሕተት ነው። በዚያ በተጠቀሰው ጥናት እንኳ ሁለቱም ወገኖች በደም ሥር የሚሰጠውን አንቲባዮቲክ ወስደዋል፤ ዱቄቱ የተፈተነው በእርሱ ላይ ተጨምሮ ነው፤ በእርሱ ምትክ አልተፈተነም። ጸሐፊው ጭማሪውን አንሥተው ዋናውን ጣሉት።

የዋናው ማስረጃ ደግሞ ከዱቄቱ ማስረጃ እጅግ የጠነከረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ፓትዛኪስና ባልደረቦቹ በክፍት ስብራት፣ ማለትም ቆዳው በተቀደደ ስብራት፣ ላይ ባሳተሙት ጥናት፣ አንቲባዮቲክ ካልተሰጣቸው 13.9 በመቶ ሲያመረቅዙ፣ ሴፋሎቲን የተባለው የሴፋሎስፖሪን ዝርያ ከተሰጣቸው ያመረቀዙት 2.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ቆዳው ላልተቀደደ ስብራትም እ.ኤ.አ. በ1996 ከኔዘርላንድ የታተመውና 2,195 ሰዎችን ያካተተው ጥናት፣ ከቀዶ ሕክምናው በፊት አንዲት የሴፍትሪአክሶን መርፌ ብቻ ኢንፌክሽኑን ከ8.3 በመቶ ወደ 3.6 በመቶ እንዳወረደች አሳይቷል። አንዲት መርፌ፤ አንድ ጊዜ። ጸሐፊው በግማሽ ቀነሰ እያሉ የሚያደንቁት ነገር ካለ፣ ትርፍ ያሏት መርፌ ናት።

ምክንያቱ በሰዓቱ ላይ ነው። በደም የሚሄደው መድኃኒት ምላጩ ቆዳ ከመንካቱ በፊት በሥጋውም በአጥንቱም ውስጥ ተሠራጭቶ ይጠብቃል፤ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያም ቆዳው ከመቀደዱ በፊት ባሉት 120 ደቂቃዎች ውስጥ እንዲሰጥ የሚያዝዘው ለዚህ ነው። ዱቄቱ ግን የሚነሰነሰው በቀዶ ሕክምናው መጨረሻ፣ ቁስሉ ለሰዓታት ተከፍቶ ከቆየ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ባክቴሪያው ብረቱ ላይ ተጣብቆ በራሱ ዝልግልግ ሽፋን ውስጥ መደበቅ ከጀመረ፣ ምንም ያህል መድኃኒት ቢነሰነስ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ጸሐፊው ቢያውቁት ኖሮ ለእርሳቸው ወገን የሚጠቅም አንድ ማስረጃ አለ፤ እኔው ላቅርበው። እ.ኤ.አ. በ1995 ኦስተርማን፣ ሰሊግሰንና ሄንሪ ስለ 1,085 ክፍት ስብራቶች ባሳተሙት ጽሑፍ፣ በደም ሥር መድኃኒት ብቻ ከታከሙት 12 በመቶ ሲያመረቅዙ፣ በተጨማሪ ቶብራማይሲን የተባለ አንቲባዮቲክ የተለወሰበት የአጥንት ሲሚንቶ ቁስላቸው ውስጥ ከተቀመጠላቸው ያመረቀዙት 3.7 በመቶ ነበሩ። ሲሚንቶው ትንንሽ ዶቃ ሆኖ በሽቦ ላይ እንደ መቁጠሪያ ይሰካል፤ መድኃኒቱንም ለቀናት ቀስ እያለ ይለቃል። በአካባቢው የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ተስፋ እንዳለው ይህ ያሳያል፤ ቶብራማይሲን ግራም ኔጋቲቮችን የሚመታ በመሆኑም ለእኛ ሁኔታ ከቫንኮማይሲን ይልቅ ይቀርባል። ሆኖም ሰዎቹ በዕጣ የተከፈሉ አልነበሩም፤ የትኛው ቁስል ዶቃ እንደሚገባበት የወሰነው ሐኪሙ ነው፤ ስለዚህ ልዩነቱ ሁሉ የዶቃው ሥራ ነው ማለት አይቻልም። እዚህም ቢሆን ደግሞ በደም ሥር የሚሰጠው መድኃኒት ከሁለቱም ወገን አልቀረም።

ጉዳት የለውም የሚለውን ባጭሩ እመልሳለሁ። በቁስል ውስጥ የተነሰነሰ ቫንኮማይሲን አብዛኛው እዚያው ስለሚቀር በደም ውስጥ የሚገኘው መጠን አብዛኛውን ጊዜ ዝቅተኛ ነው፤ በዚህ ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ። ነገር ግን ዝቅተኛ ማለት ምንም ማለት አይደለም፤ ዱቄቱ በተነሰነሰ በጥቂት ጊዜ ውስጥ የደም ግፊታቸው የወደቀ ሰዎች በሕክምና መጽሔቶች ተመዝግበዋል። በአካባቢው ያለው ከፍተኛ መጠንም ሁለት ስለት አለው፦ በቤተ ሙከራ፣ በአንድ ሚሊ ሊትር 1,000 ማይክሮ ግራም ቫንኮማይሲን አጥንት ሠሪ ሕዋሳትን ብዙም ሳይጎዳ ሲያልፍ፣ 10,000 ማይክሮ ግራም ሲሆን ገድሏቸዋል። አንድ ግራም ከበቃ ሦስት ግራም ይሻላል የሚል ሰው የሚጠብቀው ይህ ነው። ስለ መላመዱ፣ አንድ ጊዜ የተነሰነሰ ዱቄት ለሳምንታት ከሚሰጥ መድኃኒት ያነሰ ጫና እንደሚፈጥር አምናለሁ። እንዲያውም በዚህ ረገድ ከዱቄቱ ይልቅ መወቀስ ያለብን እኛው ነን፤ ቆዳው ላልተቀደደ ስብራት ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሴፍትሪአክሶኑን ለአምስት ቀንና ለሳምንት የምንጎትተው በማስረጃ ሳይሆን በልማድ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ቀዶ ሕክምናው ካለቀ በኋላ ለመከላከያ ብሎ መቀጠልን ይቃወማል።

አሁን ከሁሉ በላይ ልቆይበት ወደምፈልገው፣ ለወሎ ዱቄቱ ከሌላው ይልቅ ያስፈልጋል ወደሚለው ልምጣ። ርቀቱን አልክድም። ከባቲ በታች ካለው ቆላ፣ ወይም ከላስታ ተራራ ጥግ የተነሣ ሰው ደሴ እስኪደርስ በቃሬዛ፣ በአይሱዙ ላይ፣ አንዳንዴም በበቅሎ የሚያልፈው ሰዓት አንድ የአውሮፓ ሐኪም ሊያስበው የሚችል አይደለም። ጸሐፊው ከዚህ የሚደርሱበት ድምዳሜ ግን በተቃራኒው ነው።

ከዓመታት በፊት በሠራሁበት አንድ ሆስፒታል፣ የጭነት መኪና ተገልብጦበት ቅልጥሙ ቆዳውን ቀድዶ የወጣ አንድ ጎልማሳ ከአደጋው ከአንድ ቀን ተኩል በኋላ መጣ። ደሙን ለማቆም የቡና ዱቄት ተነስንሶበታል፤ በቡናው ላይ ደግሞ አንድ የሚያዝን ሰው ሦስት አራት ካፕሱል ፈልቅቆ አፍስሶበታል። መንገድ ላይ በአንድ ጤና ጣቢያ አልፏል፤ ፋሻ ተጠቅልሎለት የሪፈር ወረቀት ተሰጥቶታል፤ በወረቀቱ ላይ ግን የአደጋው ሰዓትም ሆነ የተሰጠው መድኃኒት አልተጻፈም። ቁስሉን በሰመመን ከፍተን ስናይ፣ ከዚያ ሁሉ ዱቄት ሥር የሱሪው ጨርቅ ብጣሽ፣ የመንገድ አሸዋና የሞተ ጡንቻ ነበር። መድኃኒቱ በላይ፣ ጀርሙ በታች፤ መሐላቸው የሞተ ሥጋ። እግሩን ለማትረፍ አራት ጊዜ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ገባ።

ይህን ታሪክ ያነሣሁት ለማስፈራራት አይደለም። ነገሩ ከመቶ ዓመት በፊት በሙከራ የታየ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በፈረንሳይ ቡሎኝ ከተማ የወታደሮችን ቁስል ያጠና የነበረው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ፣ ኋላ ፔኒሲሊንን ያገኘው ሰው፣ ጎኑ ወደ ውጭ እንደ እሾህ የተሳበ የመስተዋት ቱቦ ሠርቶ የተበጣጠሰ ቁስል ምሳሌ አደረገው። በጀርም የተበከለ ፈሳሽ ሞላበት፤ አፈሰሰው፤ ጀርም ገዳይ መድኃኒት ሞላበት፤ እርሱንም አፍስሶ ንጹሕ ፈሳሽ ሲጨምርበት ጀርሞቹ እንደ ገና ተባዙ፤ በእሾሆቹ ጫፍ የተደበቁትን መድኃኒቱ አላገኛቸውም ነበርና። በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም የአሜሪካ ወታደር ሁሉ በኪሱ ሰልፋ የተባለ የጀርም መድኃኒት ዱቄት ይዞ ይዘምት ነበር፤ ቁስል ውስጥ መነስነሱ ጥቅሙ ስላልተረጋገጠ ጦርነቱ ሳያበቃ ሠራዊቱ ራሱ ልማዱን ተወው። የጸሐፊው ሐሳብ እንግዲህ አዲስ አይደለም። እንዲያውም ጀርም ገዳይ መድኃኒትን በቁስል ላይ ማድረግ የታወቀው በዚሁ በክፍት የቅልጥም ስብራት ነው፤ ቀዶ ሐኪሙ ጆሴፍ ሊስተር እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1865 በግላስጎው የጋሪ ጎማ እግሩ ላይ የሄደበትን የ11 ዓመት ልጅ ቁስል በካርቦሊክ አሲድ ሸፍኖ ልጁ እግሩ ሳይቆረጥ ዳነ። ከሊስተር እስከ ፍሌሚንግ ያለው የሃምሳ ዓመት ትምህርት፣ መድኃኒቱ የሚሠራው ሊደርስበት በሚችል ንጹሕ ቁስል ላይ ነው የሚል ነበር።

ስለዚህ በክፍት ስብራት ዋናው ሥራ ማጠብና መቁረጥ ነው። የሞተ ጡንቻ በአራት ነገር ይለያል፦ በቀለሙ፣ በጥንካሬው፣ ሲነካ በመኮማተሩና ሲቆረጥ በመድማቱ። ይህን መለየት የእጅና የዓይን ሙያ ነው፤ በጠርሙስ አይሸጥም። ጥርጣሬ ካለ ቁስሉ ሳይዘጋ ይቆይና ከሁለት ከሦስት ቀን በኋላ እንደ ገና ይታያል። ማጠቢያውም ቢሆን ለወሎ ከአቅም በላይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመውና 2,447 ክፍት ስብራት ያለባቸውን ሰዎች ያካተተው ጥናት ተራው ሳላይን፣ ማለትም የጨው ውኃ፣ ከሳሙና ውኃ እንደሚሻል አሳይቷል፤ በሳሙና ከታጠቡት 14.8 በመቶ፣ በሳላይን ከታጠቡት 11.6 በመቶ ዳግም ቀዶ ሕክምና አስፈልጓቸዋል። በማሽን ግፊት የሚረጭ ውኃም ከፍ ተደርጎ ከተሰቀለ ከረጢት በራሱ ክብደት ከሚወርደው የተሻለ ውጤት አላስገኘም። በበኩሌ ከዚህ ጥናት በላይ ለገጠር ሆስፒታል የተጻፈ የሚመስል ጥናት አላነበብሁም፤ ማሽን አልጠየቀንም፤ ማንጠልጠያና ብዙ ሊትር ሳላይን እንጂ።

ርቀቱን በተመለከተ መፍትሔው ያለው ከሆስፒታሉ ይልቅ በመንገዱ መጀመሪያ ላይ ነው። በክፍት ስብራት የመጀመሪያው የአንቲባዮቲክ መርፌ በዘገየ ቁጥር የማመርቀዝ ዕድል ይጨምራል፤ የተለመደው ምክር አደጋው በደረሰ በአንድ ሰዓት ውስጥ እንዲሰጥ ነው። ሐኪሙ ደሴ ላይ ቆሞ የሚጠብቀው ታማሚ ግን መንገድ ላይ አምስት ሰዓት ያሳልፋል። ያቺ መርፌ ሴፋዞሊን ብትሆን፣ እርሱ ከሌለ ጤና ጣቢያው ያለው ሴፍትሪአክሶን ብትሆን፣ ከቴታነስ ክትባት ጋር እዚያው ብትሰጥ፣ ቁስሉ በንጹሕ ጎዝ ቢሸፈን፣ እግሩ በመደገፊያ ቢታሰርና ሰዓቱ በወረቀቱ ላይ ቢጻፍ፣ ደሴ ስንቀበለው ግማሹ ሥራ አልቋል። ጸሐፊው ለወሎ ይጠቅማል ብለው ያሰቡት የብር መጠን በእያንዳንዱ ጤና ጣቢያ ላለ አንድ ነርስና ለአንድ ሳጥን መርፌ ቢውል፣ በቀዶ ሕክምና ክፍል ከሚነሰነስ ማንኛውም ዱቄት የበለጠ እግር ያተርፋል ብዬ አምናለሁ።

ይህን ካልሁ በኋላ የጸሐፊውን ስሜት የምጋራበት ቦታ አለ። ዘግይቶ የሚመጣው፣ አፈር የበዛበት፣ ቆዳው የጎደለው ክፍት ቅልጥም እኛ ዘንድ የየሳምንቱ እንግዳ ነው። ለእንዲህ ያለው ቁስል፣ በሚገባ ከታጠበና ከተቆረጠ በኋላ፣ በአካባቢው የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ከየትም ይልቅ እዚህ ሊጠቅም ይችላል። የሚበጀውም ከቫንኮማይሲን ይልቅ ጄንታማይሲን ሳይሆን አይቀርም፤ ግራም ኔጋቲቮችን ይመታል፣ በየመድኃኒት ቤቱ ይገኛል፣ ዋጋውም ትንሽ ነው። በታንዛኒያ በዳሬ ሰላም በሚገኘው የሙሂምቢሊ የአጥንት ሕክምና ተቋም፣ በክፍት የቅልጥም ስብራት ላይ ጄንታማይሲንን በቁስሉ ውስጥ መስጠት ይጠቅም እንደሆነ ለመፈተን ጥናት ሲካሄድ ቆይቷል። የእኛን የሚመስል መንገድ፣ የእኛን የሚመስል እጥረት ባለበት አገር የሚገኝ መልስ ከአሜሪካው ይልቅ ስለሚበጀን እርሱን እጠብቃለሁ። መልሱ በጎ ሆኖ ከተገኘ፣ ይህን ጽሑፍ ለማረም የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ።

ስለ ርካሽነቱ ብዙ አልልም። የአንድ ጠርሙስ ቫንኮማይሲን ዋጋ ያመረቀዘ አጥንትን ለወራት ከማከም ጋር ሲነጻጸር ኢምንት መሆኑ እውነት ነው፤ ሠላሳ ጠርሙስም ቢቆጠር እንኳ። ዱቄቱ ለሚገባው ታማሚ ዋጋው ምክንያት ሊሆን አይገባም።

ካፕሱሉን ግን በዝምታ ማለፍ አልችልም። በጠርሙስ ያለው የመርፌ ዱቄት ከጀርም የጸዳ ነው፤ ለደም የተዘጋጀ ነውና። የሚዋጥ ካፕሱል ለሆድ የተዘጋጀ ነው፤ በውስጡ ከመድኃኒቱ ጋር ስታርች፣ ታልክና ማግኒዚየም ስቴሬት የመሳሰሉ መሙያዎች አሉ፤ ከጀርም እንዲጸዳም አይጠበቅበትም። ሆድ ይህን ሁሉ ይችለዋል፤ የተከፈተ አጥንት ግን አይችለውም። ታልክና ስታርች በሥጋ ውስጥ ሲቀሩ ሰውነት እንደ ባዕድ ነገር ይከባቸዋል፤ እብጠትና የማይደርቅ ቁስል ያመጣሉ። ባዕድ ነገር ባለበት ቁስል ደግሞ ጥቂት ጀርም ብቻ ለማመርቀዝ ይበቃል። ጸሐፊው ይህን የጻፉት በቅንነት እንደሆነ አልጠራጠርም፤ አምፒሲሊንና ቴትራሳይክሊን ፈልቅቆ ቁስል ላይ መነስነስ በየቤታችን የቆየ ልማድ ነው፤ እናቴም በልጅነቴ ጉልበቴ ላይ አድርጋልኛለች። የተላጠ ጉልበትና የወጣ አጥንት ግን አንድ አይደሉም።

አላዋቂ ወይም ግድ የለሽ ስለተባለው፣ የሚከፋው ይከፋ ይሆናል፤ እኔን ግን የከፋኝ ሌላ ነገር ነው። ከላይ ያነሣኋቸው እናት ጥያቄያቸውን ከስልክ አንብበው ያመጡት፣ ማንም ሐኪም አስቀድሞ ቁጭ ብሎ ስላላስረዳቸው ነው። በዚህ ጸሐፊው ልክ ናቸው፤ ሰው መግለጫ ባጣበት ቦታ ማንኛውም ጽሑፍ መግለጫ ይሆናል። በማግሥቱ ካርዳቸውን ይዤ አጠገባቸው ተቀመጥሁ፤ የልጃቸው ስብራት ቆዳውን ያልቀደደ መሆኑን፣ ለቀዶ ሕክምናው ቆዳው በምላጭ ከመከፈቱ በፊት መርፌው በሰዓቱ መሰጠቱን፣ ለእንዲህ ያለው ስብራት ዱቄቱ ብዙም እንደማይጨምር ነገርኋቸው። መርፌው የተሰጠበትን ሰዓት በካርዱ ላይ አሳየኋቸው። እርሳቸውም «እንግዲያ ይኼን ሰዓት ነው የምጠይቀው» አሉኝ።

ጸሐፊውን አንድ ነገር ብቻ እለምናቸዋለሁ፤ በቀረው ብንከራከር ግድ የለም፣ ካፕሱል ስለ መነስነስ የጻፉትን አንቀጽ ግን ዛሬውኑ ያውጡት።